በረኪና፣ ግራዋ እና የጥርሴ ሥር

መጀመሪያ የነገረኝ አፍንጫዬ ነው። ሩት ካናል፣ ማለትም የጥርስ ሥር ውስጡን ማጽዳት፣ ሊሠራልኝ የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ተንጋልዬ፣ ግማሽ ፊቴ ደንዝዞ፣ የማውቀው ሽታ መጣ። ቅዳሜ ጠዋት ደረጃ ሲታጠብ የሚሸተው ሽታ። "በረኪና ነው እንዴ?" ልል ፈለግሁ። አፌ በላስቲክ ተወጥሮ፣ ምራቅ የሚመጥ ቱቦ ከንፈሬ ላይ ተንጠልጥሎ ስለነበር የወጣው ድምፅ ሌላ ነው። ዶክተሯ ግን ለምዳዋለች መሰለኝ፣ ገባት። "አዎ፣ በረኪና ነው። አይዞዎት፣ ወደ ጉሮሮ አይወርድም" አለችኝ።

ክሊኒኩ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት ፎቆች በአንዱ ነው። ከደረጃው ሥር አንድ ልጅ መፋቂያ ይሸጣል። ወይራ አለው፣ ክትክታም አለው። እላይ በረኪና፣ እታች ወይራ። ያን ቀን ሁለቱ ጭንቅላቴ ውስጥ ሲጨቃጨቁ ዋሉ። የኒም ዛፍ ቅጠል ጀርም ይገድላል ይባላል። እርድም፣ እሬትም፣ አረንጓዴ ሻይም እንደዚያው። ይህን የሚለው ቴሌግራም ብቻ ቢሆን ባለፍኩት። ተመራማሪዎችም ይላሉ። ታዲያ ጥርሴን በልብስ ማንጫ የሚያጥቡት ለምንድን ነው?

ጥያቄው የሞኝ አይደለም። በተለይ ሕንድ ውስጥ የጥርስ ሐኪሞች ይህንኑ እየጠየቁ የዕፅዋት ጭማቂ ሲሞክሩ ዓመታት አልፈዋል። መልሱ ያለው ግን "ይገድላል ወይስ አይገድልም" የሚለው ላይ አይደለም። እስቲ ከጥርሱ እንነሳ።

ጥርስ ከውጭ ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል። ላዩ ኢናሜል ነው፣ ከሰውነታችን ሁሉ ጠንካራው ነገር። ከሥሩ ዴንቲን አለ። መሃሉ ላይ ደግሞ በደፈናው "ነርቭ" የምንለው ለስላሳ ሥጋ ተቀምጧል። ነርቭ ብቻ አይደለም፣ የደም ሥርም አለበት። ይህ ሥጋ በጥርሱ ሥሮች ውስጥ በቀጭን ቦይ ይወርድና ጫፉ ላይ ባለች ቀዳዳ በኩል ከመንጋጋ አጥንት ጋር ይገናኛል። የእኔ የታችኛው መንጋጋ ጥርስ ሁለት ሥርና ሦስት ቦይ አለው። አብዛኛው ሰው እንደዚያ ነው። አራት ቦይ የሚገኝበት ጊዜም አለ፣ ሐኪሙ አራተኛውን ካላየው ጣጣው በኋላ ይመጣል።

ጥርስ ሲበሰብስና ጉድጓዱ ነርቩ ጋ ሲደርስ ባክቴሪያ ይገባል። ሥጋው ያብጣል። ግን በድንጋይ ተከቦ ወዴት ያብጥ? ሌሊት ግድግዳ የሚያስቧጥጠው ሕመም ከዚያ ነው የሚመጣው። ቆይቶ ሥጋው ይሞታል፣ ሕመሙም ዝም ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ዳንኩ ብሎ ይተወዋል። እኔም ትቼው ነበር። ስድስት ወር ገደማ ተመቸኝ፣ ከዚያ ጉንጬ እንደ ዳቦ ተነፋ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ጉንጭ ሲያብጥ ፋርማሲ ሄዶ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥ የተለመደ ነው። እብጠቱ ጋብ ሊል ይችላል። ግን መድኃኒቱ የሚጓዘው በደም ነው። የሞተ ነርቭ ደግሞ ደም የለውም። ስለዚህ ክኒኑ ዙሪያውን ይዞራል እንጂ ቤቱ ውስጥ አይገባም። ባክቴሪያው እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ለሚጠጣ ወይም ለሚጉመጠመጡት ቅጠልም ነገሩ ያው ነው። ሰው ገብቶ ካላጸዳው በቀር የጥርሱ ውስጥ አይደረስበትም።

ጥፋተኛው ባክቴሪያ መሆኑን በማያጠራጥር መንገድ ያሳየው ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1965 አሜሪካ ውስጥ በአይጥ ላይ ተሠራ። አንደኞቹ አይጦች ምንም ጀርም በሌለበት ክፍል ያደጉ ናቸው። ሌሎቹ እንደ ማንኛውም አይጥ። የሁሉም ጥርስ እስከ ነርቩ ተበስቶ ክፍት ተተወ። እንደ ወትሮው ያደጉት አይጦች ነርቭ ሞተ፣ መግል ያዘ። ጀርም የሌለባቸው ግን ምግብ ጥርሳቸው ውስጥ ተሰግስጎ እንኳ ነርቩ አልሞተም። እንዲያውም ቀዳዳውን የሚደፍን አዲስ ዴንቲን ሠራ። ከዚያ ወዲህ ሩት ካናል ማለት በአጭሩ ባክቴሪያን ማስወጣትና በሩን መዝጋት ሆነ።

ማስወጣቱ ነው አስቸጋሪው። ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት የሕክምና ትምህርት አያስፈልገውም፣ ጀሪካን ይበቃዋል። ውኃ የከረመበት ጀሪካን ውስጡ የሚያዳልጥ ነገር ይይዛል። ቢያለቀልቁት አይለቅም። እናቴ ጠጠርና ትንሽ ውኃ ጨምራ ትንጠው ነበር። ጠጠሩ ግድግዳውን ይፍቀዋል። አንድ ቦታ ግን ጠጠር አይገባም፤ እጀታው። የጀሪካን እጀታ ውስጡ ክፍት ነው። እዚያ የሚደርሰው ፈሳሽ ብቻ ነው። እናቴም በመጨረሻ በረኪና ጠብ ታደርግበታለች።

የጥርሴ ሥርም ጀሪካን ነው። ዶክተሯ መርፌ በሚያካክሉ ሞረዶች ቦዩን ትሞርዳለች፣ እነሱ ፋይል ይሏቸዋል። ፋይሉ ጠጠሩ ነው። ቦዩ ግን እንደ ስትሮ ቀጥ ያለና ክብ አይደለም። ይጣመማል፣ ይጠፈጠፋል፣ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ከጎኑ ካለው ቦይ ጋር በስንጥቅ ይገናኛል። ከመሞረዳቸው በፊትና በኋላ ራጅ የተነሱ ጥርሶችን ያወዳደሩ ጥናቶች ፋይሉ ከቦዩ ግድግዳ ሲሶውን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ጨርሶ ሳይነካው እንደሚያልፍ አሳይተዋል። እጀታው ማለት ይህ ነው። በዚያ ላይ ዴንቲኑ ራሱ ወንፊት ነው። በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት፣ ስፋታቸው ከ1 እስከ 3 ማይክሮሜትር የሚሆን። ባክቴሪያ ደግሞ አንድ ማይክሮሜትር ቢሆን ነው። ሰተት ብሎ ይገባል።

ያ የሚያዳልጠው ነገርም እዚህ አለ። ሳይንሱ ባዮፊልም ይለዋል። ባክቴሪያዎቹ ተሰብስበው ራሳቸው በሠሩት ዝልግልግ ውስጥ ተሸፍነው ይኖራሉ። ፈሳሽ ውስጥ ብቻውን የሚንሳፈፍ ባክቴሪያ በቀላሉ የሚሞትበት መድኃኒት፣ እዚያ ሽፋን ውስጥ ላለው ብዙም ላይሰማው ይችላል።

እንግዲህ ወደ ሽታው እንመለስ። በረኪና በኬሚስትሪ ስሙ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1915 ገደማ፣ ሄንሪ ዳኪን የሚባል እንግሊዛዊ ኬሚስት በ0.5 በመቶ በጥብጦ የቆሰሉ ወታደሮችን ቁስል ለማጠብ አዋለው። የጥርስ ሐኪሞችም ብዙ ሳይቆዩ ተቀበሉት። ዛሬ ከ0.5 እስከ 6 በመቶ ባለው መካከል ይጠቀሙበታል። ከመቶ ዓመት በኋላ ቦታውን ማንም አልነጠቀውም።

ያልተነጠቀው ጀርም ስለሚገድል ብቻ አይደለም። ጀርም የሚገድል ነገር ሞልቷል። በረኪና የሞተውን ሥጋ ያሟሟል። እጀታው ውስጥ የቀረውን፣ ፋይሉ ያልነካውን የነርቭ ቁራጭ ይበላዋል። የባዮፊልሙን ዝልግልግም እንደዚሁ። ባክቴሪያውን ከነቤቱ ነው የሚያፈርሰው። ይህን የሚሠራ ሌላ ማጠቢያ ማግኘት አልተቻለም። ክሎርሄክሲዲን የሚባለውን ሌላ ማጠቢያ ውሰዱት፣ በደንብ ይገድላል፣ ዴንቲን ላይ ተለጥፎም ይቆያል። ሥጋ ግን አያሟሟም። በነገራችን ላይ ክሎርሄክሲዲንና በረኪና ቦይ ውስጥ ከተገናኙ ቡናማ ዝቃጭ ይሠራሉ፣ ስለዚህ ሐኪሞች በመካከል አጥበው ነው የሚያስከትሉት።

በረኪና ጣጣው ብዙ ነው። ሽታውና ጣዕሙን ተዉት። የሥጋ ቁራጭ ሲያገኝ እዚያው ጉልበቱ ያልቃል፣ ስለዚህ በየጊዜው አዲስ መጨመር አለበት። ፋይሉ ሲሞርድ ግድግዳው ላይ የሚለስነውን የዴንቲን ዱቄት አያነሳም፣ ለዚያ 17 በመቶ ኢዲቲኤ የሚባል ሌላ ፈሳሽ ያስፈልጋል። ብዙ ከቆየ ዴንቲኑን ያዳክመዋል። ከሁሉ የከፋው በግፊት ተረጭቶ በሥሩ ጫፍ ካለፈ ነው። ሕያው ሥጋንም ያው ያሟሟል። ፊት ወዲያው ያብጣል፣ ይበልዛል፣ ሕመሙ ከባድ ነው። ለዚህ ነው በረኪናው የሚረጭበት መርፌ በጎኑ የተበሳው፣ እስከ ጫፉም የማይገባው፣ ሐኪሟም ቀስ እያለች የምትገፋው። ላስቲኩም ያለ ነገር አልተወጠረም። አንድ ጊዜ፣ ሌላ ቦታ ሌላ ጥርስ ሳሠራ፣ ላስቲክም ሽርጥም አልነበረም። ጥርሱ ተሠራ፣ ሰማያዊ ሸሚዜ ግን ነጭ ነጠብጣብ ይዞ ቀረ።

ሰው ሌላ ነገር ቢፈልግ አይፈረድበትም ማለት ነው። ወደ ቅጠሉ እንሂድ።

የተሞከረው ብዙ ነው። ኒም፣ ሲዋክ፣ እርድ፣ እሬት፣ አረንጓዴ ሻይ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ንቦች ቀፏቸውን የሚደፍኑበት ሙጫ፣ ኖኒ የሚባል የሩቅ ደሴቶች ፍሬ። አብዛኛው ሙከራ የሚጀምረው ከሳህን ነው። ግልጽ ሳህን ላይ እንደ ጄሊ የረጋ የባክቴሪያ ምግብ ይፈሳል። ባክቴሪያው ይዘራበታል። ከዚያ ጭማቂው የተነከረበት ክብ ወረቀት መሃሉ ላይ ይቀመጣል። በማግስቱ ሲታይ በወረቀቱ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ባዶ ቀለበት ይገኛል። ቀለበቱ በማስመሪያ ይለካል። የኒሙ ቀለበት ከበረኪናው ከሰፋ "ኒም በረኪናን በለጠ" የሚል አርዕስት ይወለዳል። ቴሌግራም ላይ የሚደርሰን ይህ ነው።

እውነት ነው፣ ቀለበቱ አለ። ግን ምን ይለካል? አንዱ ነገር ጭማቂው በጄሊው ውስጥ ምን ያህል ይሰርጋል የሚለው ነው። ቶሎ የሚሰርግ ነገር ደካማ ገዳይ ቢሆንም ሰፊ ቀለበት ይሠራል። በረኪና ደግሞ ጄሊው ራሱ ሥጋ ሆኖበት መንገድ ላይ ያልቃል። ቅጠሉ የተነከረው በአልኮል ከሆነ፣ የገደለው ቅጠሉ ነው ወይስ አልኮሉ? ጠንቃቃ ተመራማሪ አልኮሉን ብቻውን ነክሮ ያወዳድራል። ሁሉም አያደርገውም።

ባክቴሪያውም ተመርጦ ነው። በእነዚህ ሙከራዎች ደጋግሞ የሚመጣው ኢንትሮኮከስ ፌካሊስ ነው። ቤቱ አንጀት ነው። ተሠርተው በከሸፉ ሩት ካናሎች ውስጥ ስለሚገኝ ስሙ ገነነ። ረሃብ ይችላል፣ ወንፊቱ ውስጥ ይገባል፣ ላብራቶሪ ውስጥም ለብቻው በቀላሉ ይበቅላል። ለሙከራ ይመቻል ማለት ነው። እውነተኛ ጥርስ ውስጥ ግን ብቻውን አይኖርም። ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ተቀላቅሎ፣ አንዱ የሌላውን ትርፍ እየበላ፣ ሰፈር መሥርቶ ነው የሚኖረው። አንዱን ነጥሎ ሳህን ላይ መግደል ሰፈሩን ማጽዳት አይደለም።

ከሳህኑ የተሻለው ሙከራ በተነቀለ ጥርስ ላይ ነው። እዚህም የሚያስደስት ውጤት አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ አንድ ጥናት የኖኒ ጭማቂ ከኢዲቲኤ ጋር ሲሆን የዴንቲኑን ዱቄት በማንሳት ከበረኪናና ኢዲቲኤ ጋር እንደሚቀራረብ አሳየ። ልብ በሉ፣ ከኢዲቲኤ ጋር ነው። ዱቄቱን የሚያነሳው ዋናው ኢዲቲኤው ነው። በሰው አፍ ውስጥ፣ ሕመምተኛው ለዓመታት ተከትሎ፣ ጥርሱ ድኗል አልዳነም ተብሎ የተለካ ጥናት ግን ጥቂት ነው።

ለእኔ ነገሩ የተገለጠልኝ ከጥናቱ ይልቅ ከጠላ ጋን ነው። ጠላ የሚጠምቁ ሴቶች ጋኑን እንዴት እንደሚያሰናዱ ያያችሁ ታውቃላችሁ። መጀመሪያ በግራዋ ይታሻል። ቅጠሉ ሻካራና መራራ ነው። የዱሮውን አተላ ፍቆ ያነሳል። ይለቀለቃል፣ እንደገና ይታሻል። ውኃው ጥርት ብሎ ሲወጣ ነው ወይራ የሚታጠነው። ጭሱ የቀረውን ይጨርሳል፣ ሽታም ይሰጣል። ያልታጠበ ጋን የምታጥን ጠማቂ አላየሁም። ብታጥንም ጠላው ይበላሽባታል፣ ጭሱ ጥፋት ኖሮበት ሳይሆን አተላው እዚያው ስላለ።

እስካሁን የተሞከሩት የዕፅዋት ጭማቂዎች አጣኝ ናቸው። አጣቢ አይደሉም። ይገድሉ ይሆናል፣ አንዳንዱም በደንብ። የሞተውን ሥጋ ከእጀታው ውስጥ አሟሙቶ የሚያወጣ ግን እንደ በረኪና አልተገኘም። ስለዚህ "ኒም ወይስ በረኪና" የሚለው ውድድር ከመነሻው የተበላሸ ይመስለኛል። ተገቢው ጥያቄ በረኪናው ሠርቶ ከወጣ በኋላ፣ በክሎርሄክሲዲን ቦታ፣ የመጨረሻ ማጠቢያ ሆኖ ቅጠል ሊገባ ይችላል ወይ የሚለው ነው። እዚያ ላይ ተስፋ አለ። ለሕፃናት የወተት ጥርስም እንዲሁ፣ ሥሩ ሟምቶ ጫፉ ስለሚከፈት በረኪና ማሳለፍ ይበልጥ ያስፈራልና።

ለዚያም ቢሆን ቅጠሉ መጀመሪያ መድኃኒት መሆን አለበት። ከመርካቶ የገዛሁት ኒምና ከሾላ የተገዛው አንድ ዓይነት ጉልበት የላቸውም። አፈሩ፣ ወቅቱ፣ አደራረቁ ይለያያል። ይህን ከእንዶድ በላይ የሚያስተምረን የለም። ተመራማሪው አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ፣ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አየ። ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ታሪኩን ሁላችንም በትምህርት ቤት ሰምተነዋል። የማይወራው ከዚያ በኋላ ያለው ልፋት ነው። እንዶድ ሁሉ እኩል አልነበረም። ከባልደረባው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ብዙ ዓይነት እንዶድ አወዳድረው ነው 44 ቁጥር የተባለውን ብርቱውን ዝርያ የለዩት። መጠኑ፣ መርዛማነቱ፣ አቀማመጡ ዓመታት ፈጀ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ፣ ከመጀመሪያዋ ምልከታ 25 ዓመት በኋላ። ይህ ሁሉ ለወንዝ ውኃ ነው። ሰው ጥርስ ውስጥ እንዲገባ ደግሞ ጭማቂው ከጀርም የጸዳ፣ መጠኑ የታወቀ፣ ጠርሙስ ውስጥ የማይበላሽ መሆን አለበት። ጥርስም ማቅለም የለበትም። እርድ ነጠላ ላይ ምን እንደሚያደርግ የምታውቁ አስቡት።

ደግሞ ዕፅዋት ከሩት ካናል ውጭ ናቸው ያለው ማነው? ዶክተሯ ቦዩን ካጸዳች በኋላ የምትደፍንበት ብርቱካናማ ቀጭን ዘንግ ጉታ ፐርካ ይባላል። የእስያ ዛፍ ወተት ነው። ከቅርንፉድ የሚወጣው ዩጂኖልም ከዚንክ ኦክሳይድ ጋር ተቦክቶ ጥርስ መሙያና ማጣበቂያ ሆኖ ትውልዶችን አገልግሏል። ሴት አያቶቻችን ቅርንፉድ ነክሰው ሕመም ያስታገሱት በከንቱ አልነበረም። ሁለቱም የገቡት የተፈጥሮ ስለሆኑ አይደለም፣ የተሰጣቸውን ሥራ ስለሠሩ ነው።

ቤት ውስጥ ስለሚሞከረው ሁለት ቃል ብቻ። የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት ድድ ላይ ለጥፎ ማደር ድድ ያቃጥላል፣ ሕመሙ ሁለት ይሆናል። በረኪና በጥብጦ መጉመጥመጥ ደግሞ እንዳታስቡት። ሐኪሟ የምታደርገው በላስቲክ ጀርባ፣ በጠብታ፣ የት እንደሚደርስ እያወቀች ነው። እኛ ያለን ኩባያና ጉሮሮ ነው።

በሁለተኛው ቀጠሮዬ ዶክተሯን ስለ ቅጠሉ ጠየቅኋት። አፌ ገና አልደነዘዘም ነበር። ሳቀችና "ጥሩ ተሠርቶ፣ መጠኑ ተጽፎበት በጠርሙስ ይምጣልኝ፣ እኔም ሽታው ሰልችቶኛል" አለች። ከዚያ አምፖሉን ወደ ፊቴ አዞረችው።

ስወጣ ልጁ አሁንም ደረጃው ሥር ነበር። "ጋሼ፣ ወይራ ነው ክትክታ?" አለኝ። ወይራ ወሰድኩ። በቀኝ በኩል የተሠራው ጥርስ ክዳኑ እስኪገባልኝ እንዳላኝክበት ስለታዘዝኩ፣ እያኘኩ ወደ ፒያሳ የሄድኩት በግራዬ ነው።